ግድግዳ ሳይበሳ፣ ቀለም ሳይቀባ፦ የኪራይ ኩሽናን ማድመቂያ መንገዶች

ቁልፉን ያስረከብኩ ዕለት አከራዬ ወደ ኩሽናው ገቡና የካቢኔቱን በሮች አንድ በአንድ እየከፈቱ አዩ። ከዚያ ዞር ብለው ‹‹አንቺ እኮ ምንም ሳትነኪ ነው የኖርሽው›› አሉኝ። ዝም አልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያ ኩሽና እሳቸው የሚያውቁት ኩሽና አልነበረም። ከሲንኩ ጀርባ ያለው ግድግዳ ሰማያዊ ነበር፣ ከካቢኔቱ ሥር መብራት ይበራ ነበር፣ እጀታዎቹም ሌሎች ነበሩ። ሁሉንም ያነሣሁት ከመልቀቄ በፊት በነበረው ቅዳሜና እሑድ ነው።

ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ‹‹ይህን በምለቅበት ቀን እንዴት አነሣዋለሁ?›› ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መልሱ ወዲያው ካልመጣላችሁ ተዉት። ሁለተኛው ጉዳይ ቅደም ተከተል ነው። ኩሽናችን ሲደብረን አብዛኞቻችን ዕቃ ልንገዛ እንሮጣለን፤ ምንጣፍ፣ የአበባ ማስቀመጫ፣ የግድግዳ ሥዕል። ኩሽና የሚደበዝዘው ግን ብዙውን ጊዜ ጌጥ ስላነሰው ሳይሆን ቅባት ስለለበሰና መብራቱ ስለማይበቃው ነው። መጀመሪያ እናጥባለን፣ ቀጥሎ እናበራለን፣ ጌጡ በመጨረሻ ይደርሳል።

1. ውልና ፎቶ

የኪራይ ውላችሁን አውጡና ስለ ቀለም፣ ስለ ሚስማርና ዕቃ ስለ መቀየር የሚለውን ፈልጉ። ከዚያ ስልካችሁን ይዛችሁ ኩሽናውን እንዳለ ፎቶ አንሡት። ግድግዳውን ብቻ ሳይሆን የመሳቢያዎቹን ውስጥ፣ ከሲንኩ ሥር እርጥበት የነካውን ሳንቃ፣ የወለሉን ጭረት፣ የተሰነጠቀውን ሴራሚክ ሁሉ። ፎቶዎቹን በዚያው ቀን ለአከራያችሁ በመልእክት ብትልኩላቸው ቀኑ እዚያው ተመዝግቦ ይቀራል፤ ነገ ‹‹ይህን ማን ቧጨረው?›› ቢባል መልስ አላችሁ።

ብሎን የሚፈታበት ሥራ ካሰባችሁ ፈቃድ ጠይቁ፣ በጽሑፍ። ረጅም ደብዳቤ አያስፈልግም። እኔ የጻፍኩት ይህን ነበር፦ ‹‹ጤና ይስጥልኝ። የካቢኔቱን እጀታዎች በራሴ ወጪ ልቀይር አስቤ ነበር። የነበሩትን አስቀምጬ ስለቅ መልሼ እገጥማቸዋለሁ። ይፈቅዱልኛል?›› ‹‹ይቻላል›› የሚል አንድ ቃል መለሱልኝ፤ በኋላ ረስተውት ነው መሰለኝ።

2. እጥበት

አሰልቺ ነው፤ ግን የድምቀቱ ግማሽ እዚህ ነው ያለው። ስናበስል የሚነሣው የዘይት ጭስ በካቢኔቱ አናት፣ በመብራቱ ሽፋንና በግድግዳው የላይኛው ክፍል ላይ ያርፋል፣ አቧራ ይይዛል፣ ቢጫ ልባስ ይሆናል። ቀስ እያለ ስለሚመጣ ዓይናችን ይለምደዋል። እውነቱን ለማየት ነጭ ጨርቅ በሞቀ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና አርሱና ከአንዱ እጀታ አጠገብ መዳፍ የምታህል ቦታ እሹ። የካቢኔታችሁን ትክክለኛ ቀለም ያን ጊዜ ታውቁታላችሁ።

ከላይ ወደ ታች እጠቡ። ሳሙናውን ቀብታችሁ 5 ደቂቃ ያህል ተዉት፤ ቅባቱን እሱ ያላላዋል። ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ አንሡት፣ በደረቅ ጨርሱት። ግትር ለሆነ ቅባት ቤኪንግ ሶዳ በጥቂት ውኃ ለውሳችሁ መለቅለቅ ይሠራል፤ የሚያብለጨልጭ ገጽ ላይ ግን እንዳትፈትጉበት፣ ይጭራል። አቼቶ እምነ በረድ አይንካ፣ ገጹን ይበላዋል። በረኪናን ደግሞ ከአቼቶም ሆነ አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

የመስኮቱን መስታወት በሁለቱም በኩል፣ የመብራቱንም ሽፋን አውርዳችሁ እጠቡ። ውስጡ የሞቱ ትንኞች ባታገኙ ይገርመኛል። ሲያልቅ ኮንተሩን ሙሉ በሙሉ ባዶ አድርጉትና በየቀኑ የምትነኩትን ብቻ መልሱ። በወር አንዴ የሚወጣ ዕቃ ካቢኔት ውስጥ ይኑር። ባዶ ኮንተር ብርሃን ይመልሳል፤ በጠርሙስና በጣሳ የተሞላ ኮንተር ጥላ ብቻ ነው ያለው።

3. መብራት

አንድ ነገር ብቻ የመቀየር አቅም ቢኖራችሁ አምፖል ቀይሩ። ከጌጡ ሁሉ እሱ ይበልጣል።

የአምፖል ካርቶን ላይ ሦስት ቁጥሮች ፈልጉ። የመጀመሪያው ሉመን ነው፤ የሚወጣውን የብርሃን መጠን ይናገራል። ዋት የሚበላውን ኤሌክትሪክ እንጂ ድምቀቱን አይነግራችሁም፤ የድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል ይሰጥ የነበረውን 800 ሉመን ገደማ ዛሬ ኤልኢዲ ከ8 እስከ 10 ዋት በልቶ ይሰጣል። ሁለተኛው ኬልቪን ነው፤ የብርሃኑ ቀለም ማለት ነው። 2700 ወደ ቢጫ ያደላ ሞቅ ያለ ብርሃን፣ 4000 ነጣ ያለ፣ 6500 ደግሞ ሰማያዊ የሚመስል ቀዝቃዛ ብርሃን ነው። ብዙ ሰው ‹‹ይደምቃል›› ብሎ 6500ውን ይገዛል፤ ማታ ላይ ግን ኩሽናውን የመርፌ መውጊያ ክፍል ያስመስለዋል። እኔ ከ3000 እስከ 4000 ባለው ውስጥ እቆያለሁ። ዋናው ነገር በአንድ ክፍል ውስጥ ያሉት አምፖሎች ሁሉ አንድ ዓይነት ኬልቪን መሆናቸው ነው፤ አንዱ ቢጫ አንዱ ሰማያዊ ሲሆን ምንም ብታደርጉ ክፍሉ የተዝረከረከ ይመስላል። ሦስተኛው ሲአርአይ ይባላል፤ ቀለማት በዚያ ብርሃን ሥር ምን ያህል እውነተኛ ሆነው እንደሚታዩ ከ100 የሚሰጥ ነጥብ ነው። 90 እና ከዚያ በላይ ካገኛችሁ ውሰዱት፤ ዝቅ ባለ ቁጥር ትኩስ አትክልት እንኳ የጠወለገ ይመስላል።

ስንት ሉመን ይበቃል? የክፍሉን ስፋት በካሬ ሜትር ለኩና በ300 አባዙት፤ ጥሩ መነሻ ነው። 2 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ ኩሽና 6 ካሬ ሜትር ነው፤ 1800 ሉመን ይፈልጋል ማለት ነው። ባለ 800 ሉመኑ አንድ አምፖል ለምን እንዳልበቃችሁ አሁን ግልጽ ነው። ግድግዳውና ካቢኔቱ ጠቆር ያሉ ከሆነ ከዚህም ጨምሩ፣ ብርሃኑን ይውጡታልና።

ልትገዙ ስትሄዱ አሮጌውን አምፖል ይዛችሁ ሂዱ፤ ጠመዝማዛ እግር ያለው ነው ወይስ ባለ ሁለት ጥርስ፣ ወፍራም ነው ወይስ ቀጭን የሚለውን እሱ ራሱ ይመልስላችኋል። ስታወርዱት ማብሪያ ማጥፊያውን ብቻ ሳይሆን ብሬከሩን አውርዱ፤ አምፖሉም ይቀዝቅዝ። የመብራቱ ሽፋን ዙሪያውን የተዘጋ ከሆነ ካርቶኑ ላይ ለተዘጋ ሽፋን እንደሚሆን የተጻፈበትን ኤልኢዲ ምረጡ፤ የኤልኢዲን ዕድሜ የሚያሳጥረው ሙቀት ነው። ሽቦ መፍታት ግን የኤሌክትሪሺያን ሥራ ነው፤ እሱም ከመምጣቱ በፊት አከራያችሁ ይወቁ። የወረደውን አምፖል አትጣሉት።

ከጣሪያው መሃል የሚወርድ ብርሃን አንድ የማይፈታው ችግር አለ። ኮንተሩ ጋ ስትቆሙ ከጀርባችሁ ስለሚመጣ የምትከትፉት በገዛ ጥላችሁ ውስጥ ነው። መድኃኒቱ ከላይኛው ካቢኔት ሥር የሚለጠፍ ቀጭን የኤልኢዲ ጥቅልል ነው። ሶኬት ቅርብ ከሆነ በዩኤስቢ የሚሠራው፣ ሩቅ ከሆነ ቻርጅ የሚደረግና በማግኔት የሚያዘው ዘንግ ይሻላል። ብዙዎች ጥቅልሉን ወደ ውስጥ፣ ግድግዳው ጥግ ይለጥፉታል፤ ያን ጊዜ የሚደምቀው ግድግዳው እንጂ መክተፊያው አይደለም። ወደ ፊት፣ በእናንተ በኩል ወዳለው የካቢኔቱ ጠርዝ አምጡት።

የካቢኔት ሥር ማንም የማያጥበው ቦታ ስለሆነ ሙጫ አይዝም። በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ጥረጉትና ይድረቅ። ከዚያ ቀለም ቀቢዎች ጠርዝ የሚሸፍኑበትን የወረቀት ፕላስተር በቅድሚያ ለጥፉ፣ ጥቅልሉ በእሱ ላይ ይረፍ። ስትለቁ ፕላስተሩን ስትስቡ ሁሉም አብሮ ይመጣል፣ የሰው ሳንቃ አይላጥም። ጥቅልሉን ማሳጠር ካስፈለጋችሁ ከሶኬት ነቅላችሁ፣ የመቁረጫ ምልክት ባለበት መስመር ላይ ብቻ ቁረጡ። ገመዱ ምድጃውንም ሲንኩንም እንዳይጠጋ።

የቀኑን ብርሃን ደግሞ አትዝጉበት። ከባዱን መጋረጃ አውርዳችሁ ስስ ነጭ ጨርቅ በመስኮቱ የታችኛው ግማሽ ብቻ ስቀሉ፤ ከሰው ዓይን ይከልላችኋል፣ ሰማዩን አይከለክላችሁም። ለመስቀያው ሚስማር አያስፈልግም፤ ውስጡ ጥቅል ሽቦ ያለው፣ በሁለቱ ጠርዞች መካከል ተወጥሮ የሚቆም ዘንግ ይሸጣል። ከመስኮቱ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ ትንሽ መስታወት ብታስደግፉ ሁለተኛ መስኮት ያገኛችሁ ያህል ነው። ከምድጃው አጠገብ ግን አታድርጉት፤ ቅባት ለመጥረግ ብቻ ትኖራላችሁ።

4. ተለጣፊ ወረቀት፣ ወይም የሚደገፍ ሰሌዳ

ከጀርባው ሙጫ ያለው የፕላስቲክ ወረቀት (ብዙዎቻችን ስቲከር የምንለው) አንድን ግድግዳ በአንድ ከሰዓት ይለውጠዋል። ለሴራሚክ፣ ለካቢኔት በርና ለፍሪጅ ጎን ጥሩ ነው። ልል ቀለም ላለው ግድግዳ፣ በቅርብ ለተቀባ ቀለም፣ እርጥበት ላሳበጠው ሳንቃ ግን አይሆንም፤ ሲነሣ ሌላውንም ይዞ ይነሣል። ከምድጃው ጀርባና አጠገብም አይለጠፍም። ሙቀቱ ሙጫውን ያቀልጠዋል፣ ፕላስቲኩም ሊቀጣጠል ይችላል።

ሙሉውን ከመግዛታችሁ በፊት 10 ሴንቲ ሜትር በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ ለምኑም ቢሆን አግኙና በማይታይ ጥግ ለጥፉ። አንድ ሳምንት ይቆይ። ከዚያ ላጡት። ገጹ እንደነበረ ከሆነ ቀጥሉ፤ ቀለም ይዞ ከመጣ ወደ ሰሌዳው እለፉ፣ ስለ እሱ ከታች እነግራችኋለሁ።

ለመለጠፍ ሁለት ሰው ብትሆኑ ጥሩ ነው። ቦታውን ለክታችሁ በየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ይዛችሁ ቁረጡ። ገጹን በአልኮል ጥረጉ። የጀርባውን ሽፋን ሙሉ በሙሉ አትላጡት፤ ከላይ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ላጡና ያንን አስተካክላችሁ አስይዙ። አንደኛው ሽፋኑን ቀስ እያለ ወደ ታች ሲስብ ሌላኛው በጨርቅ በተጠቀለለ የፕላስቲክ ካርድ ከመሃል ወደ ጠርዝ እየገፋ ያስተኛል። ጠማማ ከሄደባችሁ ወዲያውኑ ወደ ኋላ ላጡት፤ ‹‹ይስተካከላል›› ብሎ መቀጠል የለም፣ አይስተካከልም። የቀረችውን የአየር ፊኛ በመርፌ ጫፍ ወግታችሁ በአውራ ጣት ጫኗት። ሶኬት ያለበት ቦታ ስትደርሱ ብሬከሩን አውርዱና ወረቀቱን በሶኬቱ ላይ በኤክስ ቅርጽ ቁረጡ፣ ትርፉን ዙሪያውን አጽዱ።

ስለ መቁረጥ ካነሣን፦ በመጀመሪያው ኪራይ ቤቴ ወረቀቱን በቀጥታ ኮንተሩ ላይ ዘርግቼ በምላጭ ቆረጥኩት። ወረቀቱ ሲነሣ ከሥሩ እንደ ክር የቀጠነ፣ ስንዝር የሚያህል ጠባሳ ነበር። በጥርስ ሳሙና አሸሁት፣ በዘይት አሸሁት፣ ምንም። ስለቅ ከማስያዣ ገንዘቤ ተቆረጠ። ከሥር ወፍራም ካርቶን አንጥፉ።

ለማንሣት የፀጉር ማድረቂያ ያስፈልጋል። አንዱን ጥግ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ አሙቁትና ወረቀቱን ወደ ራሱ አጥፋችሁ፣ ከግድግዳው ጋር ተጠግቶ፣ በዝግታ ሳቡት። ወደ ውጭ መንጨት ነው ቀለም የሚያነሣው። በሴራሚክ ላይ የቀረ ሙጫ ካለ የምግብ ዘይት ቀብታችሁ 10 ደቂቃ ጠብቁና በሳሙና እጠቡ። አልኮልም ይሠራል፤ የተቀባ ግድግዳ ላይ ግን ሲታሽበት ቀለሙን ሊያሟሟው ስለሚችል አትሞክሩት።

አሁን ሰሌዳው። ከሁሉም በላይ የምወደው ዘዴ ይህ ነው፣ ያ ሰማያዊ ግድግዳዬም እውነተኛ ግድግዳ አልነበረም። በኮንተሩና በላይኛው ካቢኔት መካከል ያለውን ክፍተት ቁመቱንና ርዝመቱን ለኩ። 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ኮምፔንሳቶ በዚያ ልክ፣ ከቁመቱ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ቀንሳችሁ አስቆርጡ። ሶኬት ካለ ቦታውን ለክታችሁ እዚያው ያስወጡላችሁ። ከዚያ ቤት ውስጥ ሳይሆን አየር ባለበት ቦታ የፈለጋችሁትን ቀለም ቀቡት፣ የሚታጠብ ዓይነት ይሁን፣ ወይም ስቲከሩን በእሱ ላይ ለጥፉት። ሲደርቅ ኮንተሩ ላይ አቁማችሁ ግድግዳው ላይ አስደግፉት። በክፍተቱ ልክ ስለተቆረጠ ራሱን ይዞ ይቆማል፤ ከተነቃነቀ በካቢኔቱ ሥር በኩል ትንሽ የወረቀት ፕላስተር ይበቃዋል። ምድጃው ጋ ሳይደርስ ይቁም፣ የእንጨት ነውና። ስትለቁ አውጥታችሁ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። የእኔው አሁን ባለሁበት ቤት በ14 ሴንቲ ሜትር አጥሮ እንደገና ቆሟል።

5. እጀታዎች

ትንሽ ሥራ፣ ትልቅ ለውጥ። አንዱን እጀታ በካቻቪቴ ፈታችሁ ከአንዱ ቀዳዳ መሃል እስከ ሌላኛው ቀዳዳ መሃል በሚሊ ሜትር ለኩ። 96 እና 128 በብዛት የሚገኙት ናቸው። አዲሱ ልክ ያው ካልሆነ አትግዙት፤ አዲስ ቀዳዳ መብሳት ከጨዋታው ውጭ ነው። የብሎኑን ርዝመትም ከበሩ ውፍረት ጋር አስተያዩ፤ ከረዘመ እጀታው አይጠብቅም፣ ካጠረ አይዝም። አሮጌዎቹን ከነብሎናቸው በአንድ ላስቲክ ቋጥራችሁ፣ ላዩ ላይ ጽፋችሁ፣ የታችኛው መሳቢያ ጥግ ውስጥ አስቀምጡ። ያን አሮጌ አምፖልም እዚያው።

6. ቀለም፣ ጨርቅ፣ አረንጓዴ ነገር

አንድ ቀለም ምረጡ። አንድ ብቻ። ያ ቀለም በሦስት ቦታ ይታይ፤ ለምሳሌ ሰሌዳው ላይ፣ በእጅ መጥረጊያው ጨርቅ ላይና በአንድ ሳህን ላይ። ሌላው ነጭ ወይም የእንጨት ቀለም ይሁን። አምስት ደማቅ ቀለም ያለው ጠባብ ኩሽና አይደምቅም፣ ይጮኻል።

ምንጣፍ ስትገዙ ገልብጡት። ከሥሩ ጎማ ካለውና ወለላችሁ ፕላስቲክ ከሆነ መልሱት፤ ጎማው ከፕላስቲኩ ጋር በኬሚካል ይዋሐድና በምንም የማይለቅ ቢጫ ምልክት ይተዋል። እንዳያንሸራትት ለፕላስቲክ ወለል እንደሚሆን የተጻፈበትን ማንጠፊያ ከሥር አድርጉ።

በር የሌለው የሲንክ ሥር ካለ ያ የሚወጠር ዘንግና አንድ ክንድ ተኩል ጨርቅ ይሸፍነዋል።

የሙጫ መስቀያዎች ክብደት የሚችሉትን ያህል ካርቶናቸው ላይ ተጽፏል፤ እመኑት፣ የብረት ድስት ከምታስቡት በላይ ይከብዳል። ቦታውን በአልኮል ጥረጉ፣ 30 ሰከንድ አጥብቃችሁ ጫኑ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ምንም አትስቀሉበት። ትዕግሥት ያጣ ሰው ነው ሌሊት በዕቃ ኳኳታ የሚነቃው። ምላስ ያላቸው ዓይነቶች ሲነሡ ምላሷ ከግድግዳው ጋር ትይዩ ሆና በቀጥታ ወደ ታች ትሳባለች፣ ወደ ራሳችሁ አይደለም። ፍሪጁ ጎን ላይ ደግሞ ማግኔት ይበቃል፣ ሙጫ አያስፈልግም።

መስኮታችሁ በቀን 6 ሰዓት ያህል ፀሐይ የሚያገኝ ከሆነ የምግብ ማጣፈጫ ቅጠሎች በማሰሮ ይበቅሉበታል። ያነሰ ከሆነ ናና ይሻላል፣ ግማሽ ጥላን ይችላል። ውኃ የሚያጠራቅም ሳህን ከሥር አድርጉ፤ እርጥብ ማሰሮ እንጨት ላይ ክብ ምልክት ይተዋል።

7. ስትለቁ

የማንሣቱን ሥራ ለመጨረሻው ሌሊት አታቆዩት፤ አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ ጀምሩ፣ የቀረ ሙጫ ቢኖር ለማጽዳት ጊዜ ይኖራችኋል። የመጀመሪያ ቀን ፎቶዎቹን ከፍታችሁ እያስተያያችሁ ሥሩ። ቅደም ተከተሉ የገባበት ተገላቢጦሽ ነው፤ መስቀያዎቹ፣ እጀታዎቹ፣ ወረቀቱ ወይም ሰሌዳው፣ በመጨረሻም መብራቱ፤ እስከዚያው እያያችሁ ትሠራላችሁ።

እኔ ከላስቲኩ ያወጣሁት የመጨረሻው ነገር ያ አሮጌ አምፖል ነበር። ገጥሜው ብሬከሩን ስመልስ ኩሽናው በአንድ ጊዜ ቢጫ ሆነ፣ ጥጎቹም ጠፉ። አከራዬ ገብተው ያዩት ያንን ነው።